ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለሌለ ነገር ማሰብ ይቻላልን?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ መምህር፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ስንል፣ ላሚቱ ከሌለች የምናስበው ምንን ነው?

መልስ፦ ማሰብ ሁሉ አንድን ነገር ማሰብ ከሆነ፣ የሌለች ላም ያሰበ ሰው ምንም አላሰበም ያሰኛል፤ ሆኖም የሰማይዋን ላም ማሰብና ጭራቅን ማሰብ አንድ አለመሆናቸውን ሕፃንም ያውቃል። ኦስትሪያዊው ፈላስፋ አሌክሲየስ ማይኖንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የነገርን ምንነት ከህልውናው ለየ፤ የወርቅ ተራራ ባይኖርም ወርቅ መሆኑ አይቀርም አለ። «ነው» እና «አለ» የሚባሉ ሁለት ቃላት ላሉን ለእኛ ይህ የሚከብድ አይመስለኝም፤ ማታ ማታ ባናውን እስከ አፍንጫው ስቦ ጭራቅን ሲፈራ የኖረ የመንዝ ልጅ፣ አድጎ «ጭራቁ ሰው በላ ነው፤ ግን የለም» ቢል ቃሉ እርስ በርሱ አይጣላም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ እንዲህ ከሆነ የሌለው ሁሉ በአንድ በኩል አለ ማለት አይሆንም?

መልስ፦ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1905 የማይኖንግን መንገድ ወደ ቅራኔ ያደርሳል ብሎ ተቃወመ፤ ክብ የሆነ አራት ማዕዘን ክብም ነው፣ ክብም አይደለም ሊባል ነውና። በእርሱ አካሄድ «የሰማይዋ ላሜ የለችም» ማለት ወደ አንዲት ላም መጠቆም ሳይሆን፣ በሰማይ የምትኖር የእኔ ላም የምትባል አንዲትም የለችም ማለት ብቻ ነው። ለመካድ ይህ ይበቃል። ነገር ግን «የተረቱ ጭራቅ ሰው በላ ነው» እና «የተረቱ ጭራቅ በግ ጠባቂ ነው» የሚሉት ሁለቱም እኩል ሐሰት ሆነው ይቀራሉ፤ ይህን ተረት የሰማ ሰው አይቀበለውም፤ እኔም አልቀበልም።

ጥያቄ፦ በሳይንስስ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞ ያውቃል?

መልስ፦ አዎን፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝም ይኸው ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለ ቬርየ ከፕላኔቷ ኡራኑስ አካሄድ መዛነፍ ተነሥቶ ባሰላው መሠረት ሌላዋ ፕላኔት ኔፕቱን እ.ኤ.አ. በ1846 ተገኘች። በ1859 ደግሞ የሜርኩሪን መዛነፍ አይቶ፣ በኋላ ቩልካን የተባለችውን አካል ገመተ፤ እርሷ ግን አልነበረችም፤ መዛነፉን በ1915 የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ አብራራው። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ሲያሰላ የሁለቱ ሐሳቦች መልክ አንድ ነበር፤ ስለዚህ ሐሳብን ሐሳብ የሚያደርገው የታሰበው ነገር መኖር ሊሆን አይችልም።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ የፈረሰው የምኒልክ ግቢስ?

መልስ፦ እርሱ ዛሬ ባይኖርም ከጭራቁ ጋር አይደመርም። ስሙን ግቢውን በዓይናቸው ካዩት ሰዎች ተቀባብለን ነው የያዝነው፤ የጭራቁን ስም የተቀበልነው ግን ከተራቾች ብቻ ነው።