«ትንሽ ነገር ናት» የምትለው ደንበኛ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

የምሠራው ድረ ገጽ በምትሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ደንበኛ ያመጣል፣ አንዱ ዲዛይን ያወጣል፣ አንዷ ሒሳብና ስልክ ትይዛለች፣ አንድ ተለማማጅ አለ፣ ኮዱ የኔ ነው። ኮዱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ኢሜይል እምቢ ያለውም፣ ገጹ አልከፍት ያለውም የሚደውለው ለኔ ነው።

አሁን የያዝነው ሥራ በሁለት ወር ያልቃል የተባለ ነበር። ወሩን መቁጠር ካቆምን ቆየን። ደንበኛችን ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን በደወለች ቁጥር «ትንሽ ነገር ናት» ብላ ትጀምራለች። ትንሿ ነገር አንድ ቀን የሎጎ መጠን ናት፣ ሌላ ቀን የኦንላይን ክፍያ መቀበያ። አለቃዬ ለሁሉም «ችግር የለም፣ ይሠራል» ይላል። መጀመሪያ የተስማማነው ምን እንደነበር ስጠይቀው «ተነጋግረናል እኮ» ይለኛል። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ጽሑፍ ደግሞ ዛሬም አልመጣም፤ እኔ የጨመርኩት መሙያ ጽሑፍ እንዳለ ተቀምጧል። ሰሞኑን ጽሑፉን ሁሉ ፈዘዝ ባለ ግራጫ አድርጉልኝ አለች። አይነበብም ብላት «ያምራል» አለች፤ አደረግሁላት።

ማታ ማታ እሠራለሁ። ፈቃድ ልውጣ ስል የደንበኞቹ ይለፍ ቃል በሙሉ እኔ ስልክ ላይ ስለሆነ «አንቺ ከሌለሽ ማን ይከፍትልናል?» ይለኛል። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ ደፍሬ መናገር ይከብደኛል። ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ? ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት


ውድ እህቴ፤

ስለ ደንበኛዋ ብዙ ጽፈሻል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን እግረ መንገድሽን የጠቀስሽው የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው። ስልክሽ ቢጠፋ ድርጅቱ ምን ይሆናል? ሌላም ልጠይቅሽ፦ የደንበኞቻችሁ ዶሜን፣ ማለትም የድረ ገጻቸው የአድራሻ ስም፣ የተመዘገበው በማን ስም፣ በማንስ ኢሜይል ነው? በትንሽ ድርጅት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ያን ዕለት ኮምፒውተሩ ፊት በተገኘው ሰው ኢሜይል ነው። ሰውየው ሲለቅ ኢሜይሉም አብሮት ይሄዳል። እንደ ዶት ኮም ባሉ ስሞች ምዝገባው ሊያበቃ አንድ ወር ገደማ፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው የሚላከው ማስታወሻ ያን ጊዜ ማንም የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዶሜኑ ካልታደሰ ገጹ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ በዚያ ስም የሚሠራው የደንበኛው ኢሜይል ሁሉ ይቆማል። ስሙ ከተሰረዘ በኋላ የቀድሞ ባለቤቱ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ። ያ ካለፈ 5 ቀን ቆይቶ ይለቀቃል፤ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አስተካክሉ። ዶሜኑ በደንበኛው ስምና ኢሜይል ይሁን። ይለፍ ቃሎቹ በድርጅቱ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ውስጥ ይግቡና ቢያንስ ሁለት ሰው ይድረስባቸው። ተለማማጁን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ባክአፕ (የድረ ገጹ መጠባበቂያ ቅጂ) እንዴት እንደሚመለስ አሳዪው፤ ከዚያ እጅሽን ሰብስበሽ እሱ ራሱ ሲመልሰው ተመልከቺ። ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ አለ ብዬ አላምንም። አለቃሽ ከዚያ በኋላ ፈቃድ ለመከልከል ሌላ ምክንያት ይፈልግ።

ወደ «ትንሽ ነገር» ስንመጣ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ስልኩ በተዘጋ ቁጥር አጭር መልእክት ይላክላት፦ «ዛሬ የጠየቁን ይህ ነው፣ በመጀመሪያው ስምምነት ውስጥ የለም፣ ይህን ያህል ቀንና ይህን ያህል ክፍያ ይጨምራል፣ እንጀምር?» የሎጎውን መጠን እንኳ ጻፊው፤ ነጻ ከሆነ ነጻ ብለሽ። የክፍያ መቀበያ ግን የአዝራር ሥራ አይደለም። ከክፍያ አገልግሎቱ ጋር ውል አለ፣ በሙከራ ገንዘብ መፈተሽ አለ፣ ገዢው ከፍሎ ገጹን ወዲያው ቢዘጋው ሰርቨሩ ክፍያውን የሚያውቅበት መንገድ አለ፣ ተመላሽ ገንዘብ አለ። ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው፤ ይህን ደንበኛዋ ልታውቅ አትችልም። የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።

አለቃሽ «ይሠራል» የሚለው ዋጋውን ስለማያየው ይመስለኛል። እሱ ያመጣው ደንበኛ እንዳይርቅ ይሰጋል፣ ሰዓቱን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ደክሞኛል ብትዪው ያዝንልሻል፣ ነገ ደግሞ «ይሠራል» ይላል። ይልቅ ለሁለት ሳምንት እያንዳንዷን ትንሽ ነገር ከወሰደችው ሰዓት ጋር መዝግበሽ ፊቱ አስቀምጪለት። ሙያ ያስተማረሽ ሰው ከሆነ ሰዓት ማንበብ ያውቃል፤ ድፍረትም አይሆንብሽ።

ያልመጣውን ጽሑፍ በሚመለከት፣ ለሚቀጥለው ሥራ ጽሑፍና ፎቶ ሳይደርሳችሁ ዲዛይን አትጀምሩ። በመሙያ ጽሑፍ ያማረ ገጽ እውነተኛው ርዕስ ሦስት መስመር ሆኖ ሲመጣ ይፈርሳል። ለአሁኑ ግን ቀን ቁረጡላት፤ በዚያ ቀን የተዘጋጁት ገጾች ይከፈቱ፣ «ስለ እኛ» ሲደርስ ይገባል። ገጹ ተከፍቶ ያ ቦታ ሲጎድል ጽሑፉ ቶሎ እንደሚመጣ እገምታለሁ።

በግራጫው ግን አንቺንም እወቅሳለሁ። «ያምራል፣ አያምርም» ማለቂያ የሌለው ክርክር ስለሆነ አትግቢበት፤ መለኪያ አምጪ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በመካከለኛ ደረጃው በተራ ጽሑፍና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የድምቀት ንጽጽር ይጠይቃል። በነጭ ላይ በቀለም ኮድ 767676 የሚባለው ግራጫ ለጥቂት ያልፋል፣ 777777 ለጥቂት ይወድቃል። የሚያልፈውን ግራጫ ስጫት፤ ልዩነቱን በዓይኗ አትለየውም፣ ከዚያ የፈዘዘውን ከጠየቀች ግን ቁጥሩን አሳዪያት።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ አሁን አትወስኚ። ሰዓቱን አይቶም «ይሠራል» ማለቱን ከቀጠለ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ፣ አላዝንብሽም። ብትሄጂም ብትቆዪም ይለፍ ቃሎቹን ከስልክሽ አውጪ፤ ፈቃድሽን ደግሞ ቀኑን ጠቅሰሽ በዚህ ሳምንት በጽሑፍ ጠይቂ።