ባለቤቱ የተወው ቋንቋ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት የአንድ ብሶት ልጆች ናቸው፤ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ የተጻፈበትን ቋንቋ ግን ማይክሮሶፍት ትቶታል። ቋንቋው ቪዥዋል ቤዚክ 6 ይባላል፤ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሮግራም የሚጻፍበት መሣሪያ ድጋፉ የተቋረጠው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የተጻፈውን የሚያስነሳው ፋይል ግን ዛሬም ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ ይመጣል። ይህን ልዩነት ያዙልን።

ከደብረ ብርሃን፣ የሸማቾች ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፦ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራማችንን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ገለበጥኩት። ስከፍተው «ኤምኤስኮምሲቲኤል» የሚባል የኦሲኤክስ ፋይል አልተመዘገበም ይላል። የሠራልን ልጅ አገር ለቋል። አዲስ እናሠራ?

አይቸኩሉ፤ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። ዊንዶውስ ይዞ የሚመጣው ማስነሻውን ብቻ ነው። ዝርዝሩን፣ የላይኛውን የቁልፍ መደዳና የመሳሰሉትን የሚያሳዩት የኦሲኤክስ ፋይሎች ከፕሮግራሙ ጋር መጫን ነበረባቸው፤ ሲገለብጡ የቀሩት እነሱ ናቸው። ፋይሉን ከማይታወቅ ድረ ገጽ አያውርዱ፣ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ከአሮጌው ኮምፒውተር «ሲስተም32» ፎልደር (አሮጌውም 64 ቢት ከሆነ ከ«ሲስዎው64») ያውጡትና በአዲሱ «ሲስዎው64» ውስጥ ያስቀምጡት። ስሙ ያሳስታል፤ በአዲሱ ላይ 64 የሚለው የ32 ቢት ፋይሎች ማስቀመጫ ነው፣ 32 የሚለው ደግሞ የ64 ቢት። ማን እንዲህ እንዳወጣው ለመጠየቅ አሁን ረፍዷል። ቀጥሎ ኮማንድ ፕሮምፕትን በቀኝ ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለው ይክፈቱ፣ እዚያው ሲስዎው64 ውስጥ ይግቡ፣ «ሬጅኤስቪአር32» (regsvr32) ብለው ክፍት ቦታ ትተው የፋይሉን ሙሉ ስም ይጻፉ። መጨረሻው 801ሲ የሆነ የስህተት ቁጥር ከመጣ ፋይሉ ተበላሽቶ ሳይሆን በአድሚኒስትሬተር ስላልከፈቱ ነው። አንዱ ሲስተካከል ሌላ ጎደለ ሊልዎት ይችላል፤ ያንኑ ይድገሙ።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት ግን ድምፅ የለውም። ፕሮግራሙን «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ አያስቀምጡት። የዚያ ዘመን ፕሮግራም ዳታቤዙን አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው። ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ መጻፍ ስለሚከለክል፣ ስህተት ከማሳየት ይልቅ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በስውር የየራሱን ቅጂ ያዘጋጃል፤ ቦታው «ቨርችዋልስቶር» ይባላል። ገንዘብ ያዧ ጠዋት በስሟ ገብታ የመዘገበችውን 12 ኩንታል ስኳር ስቶር ኪፐሩ ከሰዓት በራሱ ስም ሲገባ አያየውም። ሁለቱም በትክክል ሠርተዋል፣ ቆጠራ ሲደርስ ግን መጠራጠር ይመጣል። ሲ ድራይቭ ላይ ለብቻው ፎልደር ይክፈቱለትና ተጠቃሚዎቹ ሁሉ እዚያ መጻፍ መቻላቸውን ያረጋግጡ።

ከሸዋ ሮቢት፣ የማሾ ነጋዴ፦ የገበሬዎችን ስም በአማርኛ ስጽፍ ???? ይሆንብኛል። ፎንት ቀይር ተባልኩ፣ ቀየርኩ፣ ያው ነው።

ጥፋቱ የፎንቱ አይደለም። የቪዥዋል ቤዚክ 6 መጻፊያ ሳጥኖች ዩኒኮድን፣ ማለትም የዓለም ፊደላትን ባንድነት የያዘውን ሠንጠረዥ፣ አያውቁም፤ ጽሑፉን የሚያሳልፉት ዊንዶውስ በተስተካከለበት አሮጌ የፊደል ሠንጠረዥ በኩል ነው። ሩሲያኛና ዐረብኛ የየራሳቸው ሠንጠረዥ ስላላቸው የዊንዶውስን ቋንቋ በመቀየር ይድናሉ። ዊንዶውስ ለግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የለውም፤ ፊደላችን የሚገኘው ዩኒኮድ ላይ ብቻ ነው። አንዴ ???? ሆኖ የተቀመጠ ስም አይመለስም፣ ከደረሰኙ ላይ እንደገና መጻፍ ነው።

ዳታቤዙ የአክሰስ (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም) 2000 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ራሱ አማርኛ መያዝ ይችላል። ስለዚህ የስም መመዝገቢያውን ፎርም ብቻ በአክሰስ ያሠሩ። ያንን መዝገብ ግን በአሮጌው ፎርም ከፍተው ሴቭ አያድርጉ፣ ስሙ ተመልሶ ???? ሊሆን ይችላል። የድሮ ስሞችዎ በአማርኛ የሚነበቡ ከሆነ ደግሞ ወደ ኤሪያል ፎንት ቀይረው ይዩዋቸው። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆኑ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ናቸው፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ያስፈልጋቸዋል።

ከመሐል ሜዳ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፦ ቪቢስክሪፕት ከዊንዶውስ ሊወገድ ነው ሲባል ሰማሁ። የኤክሰል ማክሮዎቻችን ሊቆሙ ነው?

ማክሮ ማለት ኤክሰል ውስጥ ሥራን በራሱ የሚያስኬድ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ቋንቋው ቪቢኤ ነው፣ እሱ አልተነካም። የሚወገደው ሌላው ቋንቋ፣ ቪቢስክሪፕት ነው፤ ማይክሮሶፍት ይህን ያስታወቀው በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን በዊንዶውስ 11 ላይ በርቶ ይመጣል፣ በ2027 እ.ኤ.አ. ገደማ ጠፍቶ እንዲመጣ ታቅዷል፣ በመጨረሻም ጨርሶ ይነሳል። ማክሮዎቹን ከፍተው «ቪቢስክሪፕት» (VBScript) ወይም «ሬጅኤክስፕ» (RegExp) የሚሉትን ቃላት ይፈልጉ። በብዛት የሚገኙት ተያይዘው፣ የስልክ ቁጥር ወይም የመታወቂያ ቁጥር አጻጻፍ በሚመረምር ማክሮ ውስጥ ነው። መጨረሻቸው ቪቢኤስ የሆኑ ፋይሎችን የሚጠራ ማክሮም አብሮ ይታይ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ አያስቡ።

ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪ፦ የቪዥዋል ቤዚክ 6ን ተተኪ፣ ቪዥዋል ቤዚክ ዶትኔትን ልማር?

ሲሻርፕ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ቋንቋ ብትማሪ ይሻልሻል። ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. ቪዥዋል ቤዚክን እንደ ቋንቋ የማሳደግ ዕቅድ እንደሌለው በግልጽ ተናግሯል። ይሠራል፣ ይጠገናል፣ አዲስ ነገር ግን አይጠበቅም።

ከደብረ ሲና፣ ፕሮግራም ሠሪ፦ ለብድርና ቁጠባ ማኅበር በሠራሁት ፕሮግራም ጳጉሜ 6 ላይ ቀኑ ይዛባል። ዶትኔት የኛን ዘመን አቆጣጠር ለምን አያውቅም?

የፋርስ፣ የዕብራውያን፣ የኮሪያና የታይ ቡድሃ አቆጣጠር ይዟል፣ የኛ የለውም። ቅሬታህ ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ልትጠብቃቸው አይገባም፣ 30 ቀን ያለው ወር ለሒሳብ የዋህ ነውና። ዓመቱን በ365 አባዛ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ቀሪውን በመተው ደምር፣ ወሩን በ30 አባዝተህ ደምር፣ ቀኑን ደምር፣ ከጠቅላላው 691194 ቀንስ። የምታገኘው ቪዥዋል ቤዚክም ኤክሰልም ቀን የሚያስቀምጡበት ቁጥር ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፦ 735840 እና 504 እና 30 እና 1 ሲደመር 736375፣ ሲቀነስ 45181፤ ይኸውም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ነው።

መሰናክሎቹ እነዚህ ናቸው። በቪዥዋል ቤዚክ 6 ዓመቱን «ኢንቲጀር» ካደረግኸው በ365 ሲባዛ ከ32767 ያልፍና ስህተት ቁጥር 6 ይመጣል፤ «ሎንግ» አድርገው። ማካፈያው ወደ ኋላ የተጋደመው ሰረዝ ይሁን፤ ወደ ፊት ያዘነበለው ክፍልፋይ ይሰጥሃል፣ አጠጋግቶም ሊያሳስትህ ይችላል። ጳጉሜ 6 የሚኖራት ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ነው፣ እንደ 2015 እና 2019 ዓ.ም.። ቀጥታ 7 ወይም 8 ዓመት የሚቀንስ ኮድ ካለህ አውጣው። ዳታቤዙ ውስጥ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጥ፣ የኛን ቀን ለማሳየት ብቻ ተጠቀምበት። ለብድር መክፈያ ደግሞ ነሐሴ ላይ «አንድ ወር ጨምር» ሲባል ወደ መስከረም ይሻገር፤ ጳጉሜን እንደ ወር ከቆጠርካት ተበዳሪው በዓመት 13 ጊዜ ይከፍላል።