ለልጄም የቼዝ ኮርስ ልግዛለት?

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ። ትዕግስቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎት። ከካቻምና ጀምሮ ኦንላይን የቼዝ ኮርስ እየገዛሁ ነው፣ በካርድ የምትከፍልልኝ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ናት፣ እኔ እዚህ አዲስ አበባ ብሩን ለእናታችን እሰጥላታለሁ። መጀመሪያ ሲሲሊያን የሚባለውን የጥቁር መክፈቻ፣ ከዛ ለነጭ የለንደን ሲስተም የሚባለውን መክፈቻ፣ ከዛ ደግሞ ቅናሽ ነው ሲሉ የአንድ ግራንድማስተር ቪዲዮ ጥቅል። ሬቲንጌ፣ ማለትም የደረጃ ነጥቤ፣ ግን 1150 ላይ ተቸንክሮ ቀረ። የሚያናድደኝ የምገጥማቸው ሰዎች ኮርሱ ላይ ያለውን አይጫወቱም፣ ገና ከመጀመሩ ንግሥታቸውን ይዘው ይወጣሉ። በየቀኑ የሚደጋገመውን ልምምድ ሳልሰራ አላድርም፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙልኝ ባለ 3 ደቂቃውን እጫወታለሁ፣ እሸነፋለሁ፣ ተናድጄ ሌላ እጀምራለሁ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም እንዴ? የ11 ዓመቱ ልጄ እንኳን ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በነፃ እየተጫወተ አንዳንዴ ያሸንፈኛል፣ እሱ ሲሸነፍ የት ጋ እንደተበላሸበት ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያይ ያመሻል እንጂ ኮርስ የሚባል አያውቅም። እና ለሱም ከአሁኑ ደህና ኮርስ ልግዛለት ወይስ ይቅር? እህቴ እሺ ብላለች።

መልስ፦

ልጁን ተወው! ቤትህ ውስጥ ቼዝ በደንብ እየተማረ ያለ አንድ ሰው አለ፣ እሱም አንተ አይደለህም። በአንድ መስመር ያለፍከው ነገር እኮ ነው ሥራው ሁሉ፣ የተሸነፈበትን ጨዋታ ከፍቶ ማየት። አንተ ግን ተናደህ ሌላ ትጀምራለህ።

ማጭበርበር እንኳን አይደለም። እነዚህ የመክፈቻ ኮርሶች 15ኛ 20ኛ ሙቭ ድረስ ያሸመድዱሃል፣ የሚጠቅሙት ተቃራኒህም እስከዛ አብሮህ ሲሄድ ነው፣ ማለትም ጠንካሮቹ ቶርናመንት ተጫዋቾች መሃል። 1150 ላይ ጨዋታ የሚያልቀው አንዱ ፈረሱን በነፃ ሲያስበላ ነው። ንግሥቱን በጊዜ ያወጣ ሰው ደግሞ ገፀ በረከት ነው ያመጣልህ፣ ፈረስና ቢሾፕህን እያወጣህ አባራት፣ እሷ ስትሸሽ ያንተ ጦር ተሰልፎ ያልቃል። ይሄን ለማወቅ ዶላር ምን ያደርጋል?

ባለ 3 ደቂቃውን ለጊዜው እርሳው፣ ባለ 15 ደቂቃ ተጫወት፣ ከያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ መጀመሪያ ራስህ ፈልግ፣ ኮምፒውተሩን ከዛ በኋላ ጠይቀው። ፎርክ (በአንድ ጠጠር ሁለቱን በአንዴ ማጥቃት) እና ፒን (ከኋላው ያለው እንዳይበላ ጠጠሩን ማሰር) የምትለማመድበት ፐዝል ሊቼስ ላይ ሞልቷል፣ አንድ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር በ2010 ጀምሮት እስካሁን በሰው መዋጮ የሚኖር ነገር ነው፣ ማስታወቂያ እንኳን የለውም። ንጉሥና አንድ ወታደር ብቻ ሲቀርህ መቼ እንደምታሸንፍ መቼ አቻ እንደሆነ ታውቃለህ? ካላወቅክ ለንደን ይቆይ። ብር ማውጣት የግድ ካማረህ ያንተን ጨዋታ ከፍቶ የሚያይልህ አሰልጣኝ ፈልግ፣ ለዛ መክፈል አልቃወምም።

አሁን ያበሸቀኝን ልንገርህ። ልጆቹ ሲተኙልኝ አልክ? የሚያሸንፍህ ተጫዋች እዛው ሳሎን እያለ እሱ እስኪተኛ ጠብቀህ ከማታውቀው ሰው ጋር? በ1921 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኩባዊው ካፓብላንካ በ4 ዓመቱ አባቱ ሲጫወት እያየ ነው ቼዝ የተማረው፣ ያንተ ልጅ አባቱ ሲጫወት መቼ ያያል? ለኮርሱ ያሰብከውን ብር የእንጨት ሰሌዳ ግዛበት፣ እህትህንም ካርዷን አሳርፋት። ከእራት በኋላ ተጫወቱ፣ ሲያሸንፍህ አታኩርፍ፣ የት ጋ እንደተበላሸብህ እሱ ያሳይህ። ክረምቱን እንዲህ ከከረማችሁ በኋላም ኮርስ ካማረህ ያኔ ጻፍልኝ።