መልስ፦ በአንድ እጅ ቶሎ የሚከፈተው ሴንጢ የትኛው ነው?

ከሦስቱ የሴንጢ ስሪቶች፣ ከኦፒኔል፣ ከስፓይደርኮና ከቤንችሜድ፣ የትኛው በአንድ እጅ ሳያስቸግር ይከፈታል ላልከው፣ ኦፒኔልን ከውድድሩ አውጣው። ስለቱን በጥፍር ስበህ፣ ቀለበቱን አዙረህ የምትቆልፈው የሁለት እጅ ሴንጢ ነው። እጀታው እንጨት ስለሆነም እርጥበት ሲነካው ያብጥና ስለቱን ጨምድዶ ይይዛል። (ብርቱካን ለመላጥ ግን የሚያህለው የለም።)

ስፓይደርኮ በፈረንጆቹ ከ1981 ጀምሮ ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ያበጃል። የአውራ ጣት ሥጋ ቀዳዳው ውስጥ ስለሚገባ አይንሸራተትም፤ ጓንት ብታጠልቅም ይሠራል። ቤንችሜድ አክሲስ የሚባለው መቆለፊያ ካለው ጨዋታው ሌላ ነው። የመቆለፊያውን ዘንግ በሁለት ጣት ወደ ኋላ ስትስበው ስለቱ ነፃ ይሆናል፤ የእጅህን አንጓ ነቅነቅ ካደረግክ ይከፈታል። ሲዘጋም ጣትህ ስለቱ መንገድ ላይ አይገባም። እኔ ይሄን ነው የምመርጠው።

የአከፋፈቱን ልስላሴ ግን ከስሙ ይልቅ ማጠፊያው ይወስነዋል። በኩሽኔታ የሚዞረው ስለቱ ወዲያው ተወርውሮ ይከፈታል፤ አሸዋና የኪስ ብናኝ ሲገባበት ግን ይንኮሻኮሻል። የነሐስ ሮንዴላ ያለው አዲስ ሲሆን ደረቅ ይላል፣ እያደር ይለሰልሳል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ጠጠር አለ ብለህ አትተወው። የማጠፊያውን ብሎን በጥቂቱ አላላና አንድ ጠብታ ዘይት ጨምርበት። ስለቱ ወደ ጎን ከተወዛወዘ ማላላቱን አብዝተኸዋል፣ መልሰህ አጥብቀው።

ጀርመን ነኝ ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር፦ እዚያ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሴንጢ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ለሥራህ ካልሆነ ቤት ይቀመጥ።