ድግሱ ይቅደም ወይስ ተክሊሉ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምሠራው ፒያሳ ነው። ከጥምቀት በኋላ ለመጋባት አስበናል፤ እኔም እጮኛዬም ድንግልናችንን ጠብቀን ስለ ቆየን ፍላጎታችን በተክሊል፣ ማለት ደናግል አክሊል ደፍተው በሚጋቡበት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። የአባቴ ወገን ጎጃም፣ የእጮኛዬ ወገን ጉራጌ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ተፈቅዷል፤ አጎቴ ግን ስለ ዘሩ ማጉረምረሙን አልተወም። አባቴ በበኩሉ «ልጄን እንደ ሙት ልጅ በዝምታ አልድርም» ብሎ የሆቴል አዳራሽ ሊከራይ፣ የጎደለውን ሊበደር ተነሥቷል፤ «ተክሊሉ ሲመቻችሁ ይደርሳል» ይላል። የማኅበር እኅቴ ደግሞ ቀለበትና ነጭ ቬሎ ከአሕዛብ የመጣ ስለሆነ ኃጢአት ነው አለችኝ። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ ሆይ፣ የማኅበር እኅትሽ ያነሣችውን ላስቀድም፤ ቶሎ የሚመለስ ነውና። ቀለበት ሮማውያን ለእጮኝነት ይጠቀሙበት እንደ ነበር እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ተቀብላ ባርካዋለች፤ በሥርዓተ ተክሊላችን ውስጥ ልብሱ፣ ቅብዐ ቅዱሱና አክሊሉ እንደሚጸለይባቸው ሁሉ ቀለበቱም ይጸለይበታል። ነጩ ቬሎ ደግሞ የአምልኮ ነገር የለበትም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እ.ኤ.አ. ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ በአውሮፓ የተስፋፋ ልማድ ነው። ገላሽን የሚሸፍን፣ ቤተ መቅደስ የሚያስገባ ይሁን እንጂ ቀለሙ አያስኰንንሽም። እኔን ብትጠይቂኝ የሀገር ቀሚስና ካባው ይበልጥብኛል፤ ይህ ግን የእኔ ምርጫ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ልማድ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ወዴት ያደርሰኛል ብሎ መጠየቅ ግን ይበልጣል። በሕንድ የሚኖሩትን፣ ከፊሎቹ በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ የሆኑትን የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች ተመልከቺ። ጎረቤቶቻቸው ሂንዱዎች ሲያገቡ ወንዱ በሴቲቱ አንገት ላይ ትንሽ የወርቅ ጌጥ ያስራል፤ እሳት አንድደውም በዙሪያው ይዞራሉ። ክርስቲያኖቹ እሳቱን ተዉት፤ ለሌላ አምላክ የሚቀርብ ጸሎት ነዋ። ጌጡን ግን ወሰዱት፣ መስቀል ቀረጹበት፣ ሙሽራው ለሙሽራዋ ከሚያመጣላት ልብስ ክር መዝዘው በዚያ ያንጠለጥሉታል። ሳይጨነቁና ሳይጣሉ የቱ እምነት፣ የቱ ባህል እንደሆነ ለዩ። አንቺም እንዲሁ ብታደርጊ በቂ ነው።

አጎትሽን በተመለከተ፣ ዘር መቁጠር አንድ በጎ ጥቅም አለው፤ አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት የሥጋ ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ ነው። ይህ ተጣርቶ ካለቀ ከዚያ ወዲያ ያለው ቆጠራ ትዕቢት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ፊታውራሪ መሸሻን አይረሳም። የሚመጣውን ሁሉ በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል የትዳር ዕድሜዋ አለፈ፤ የደሃ ልጅ የሆነውን የቤተ ክህነት ሰው በዛብህን ስትወድም ቤቱ ፈረሰ። ሁለታችሁም ከአንድ የጥምቀት ማኅፀን የተወለዳችሁ ናችሁ። ጎጃምና ጉራጌ የሚለያያችሁ በወጥ አሠራር እንጂ በጸሎተ ሃይማኖት አይደለም። አጎትሽን በአክብሮት ስሚው፤ ተክሊሉን ለማዘግየት ግን ምክንያት አታድርጊው።

ጥሎሽም መነሣቱ ስለማይቀር ልጨምር። ጥሎሽ ጥንታዊ ነው፤ የአብርሃም ሎሌ ለርብቃ የብርና የወርቅ ጌጥ፣ ልብስም አውጥቶ ሰጣት፤ ለወንድምዋና ለእናትዋም እጅ መንሻ አቀረበ። ነገር ግን ስጦታው ብቻውን አልበቃም፤ በማግስቱ ቤተሰቦችዋ ጠርተው «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» አሏት፤ እርስዋም «እሄዳለሁ» አለች። ያ ቃል ባይኖር ወርቁ ሁሉ ከንቱ ነበር። ዛሬ በብዙ ሰርግ የማየው ሌላ ነው። ሚዜው ሻንጣውን ከፍቶ ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ የአንገት ሐብሉን አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ለእድምተኛው ያሳያል፤ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ግራሙን ይገምታሉ፤ የሙሽራው እናት አንገታቸውን ይደፋሉ። ደሃ ቤተሰብ በሰው ፊት እንዲህ የሚመዘንበት ነገር ስጦታ አይባልም። እጮኛሽ የሚችለውን ያምጣ፤ ሻንጣው ግን በጓዳ ይከፈት።

ደም የነካውን ጨርቅ ለወላጆች የመላክ ልማድም በአንዳንድ ቤት አልቀረም። ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም። «መጋባት በሁሉ ዘንድ ክቡር መኝታውም ንጹሕ ይሁን» የተባለው በአደባባይ እንዲታይ አይደለም። ድንግልናሽን የሚያውቁት እግዚአብሔርና የንስሐ አባትሽ ናቸው፤ ከዚያ የሚያልፍ ምስክር ማንም ቢጠይቅሽ እምቢ በዪ።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ፤ ልቤን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነውና። «ተክሊሉ ይደርሳል» የሚለውን ቃል በአራት ኪሎና በፒያሳ ባሉ አጥቢያዎች ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። ዕዳው ይመጣል፣ ቤት ኪራይ ይመጣል፣ ልጅ ይወለዳል፤ ቁርባኑ ከዓመት ዓመት ይሻገራል። ከዚህ የሚከፋም አለ። እጮኛሞቹ ድግሱን የሚያህል ገንዘብ እስኪያገኙ ሲጠብቁ ትዕግሥታቸው ያልቃል፤ አብረው መኖር ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ እያለቀሱ ሲመጡ በንስሐና በቁርባን እናጋባቸዋለን፤ እርሱም ክቡር ጋብቻ ነው፤ አክሊሉ ግን ቀርቶባቸዋል። ያስቀረባቸው ዝሙትን መውደዳቸው ብቻ አይደለም። «ሰው ምን ይለናል» የሚለው የወላጆቻቸው ፍርሃትም ድርሻ አለው። ይህን ለወላጆች ደፍረን መናገር ይገባናል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ አክሊሉን የድል ምልክት ይለዋል፤ በፍትወት ሳይሸነፉ ለጋብቻ የደረሱት ይቀዳጁታል። ግብፃውያንም፣ አርመናውያንም፣ ግሪኮችም ሙሽሮቻቸውን አክሊል ያቀዳጃሉ። አንቺና እጮኛሽ በዚህ ከተማ፣ በዚህ ዘመን ራሳችሁን ጠብቃችሁ ደርሳችኋል። ይህ ድል በአዳራሽ ኪራይ ምክንያት ወደ ኋላ ሊገፋ አይገባም። ስለዚህ ቀኑ በቅዳሴው ይወሰን፤ ድግሱ ከዚያ ይከተል። ሌሊት ተነሥታችሁ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳላችሁ፤ ጸሎተ ተክሊሉ ይደርሳል፣ ካባውን ትለብሳላችሁ፣ ካህኑ ቅብዐ ቅዱስ ይቀባችኋል፣ አክሊሉን ይጭንላችኋል፤ ቅዳሴው ተቀድሶ ከአንድ ጽዋ ትቀበላላችሁ። ከዚያ ወጥታችሁ ዘመድ ወዳዘጋጀው ቤት መሄድ ማንም አይከለክላችሁም።

ድግስ ኃጢአት ነው አላልሁም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ የሰርግ ቤት ተገኝቷል፤ ወይኑ ባለቀባቸው ጊዜም ደጋሾቹን ከኀፍረት አድኗል፤ ይህንንም ጥር 12 ቀን በየዓመቱ እናከብራለን። ነገር ግን ሥጋ ወደሙ የተቀበለ ሰው በዚያው ቀን ስካርና ዳንኪራ ባለበት አይውልም። የእድሩን ድንኳን አስተክላችሁ፣ ጎረቤት እንጀራውን ጋግሮ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በከበሮ እየዘመሩ ቢያጅቧችሁ አባትሽ ልጁን በክብር ድሯል፤ ባለዕዳም አይሆንም። ከሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተነሥተው ይመርቁ፤ አንዱ በጎጃሙ፣ አንዱ በጉራጌው ወግ።

ስለ ቀኑ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 በፊት አትገባም፣ ከየካቲት 21 አታልፍም፤ ዐቢይ ጾምም ከእርስዋ ሁለት ሳምንት በኋላ ይገባል። በጾም ሰርግ የለምና በአንዳንድ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ እጅግ ያጥራል። የጥር እሑዶች ደግሞ በሙሽሮች ይጣበባሉ። ስለዚህ አዳራሽ ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለታችሁም ከንስሐ አባቶቻችሁ ጋር ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ቀን አስይዙ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ያውቀዋል፤ ቢሆንም በክብር መዝገብ ሊመዘገብ ይገባል፤ ከተክሊሉ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ማስረጃ ይዛችሁ ወረዳ ሂዱ።

አባትሽን ብቻሽን ሆነሽ አትሟገቺው። የንስሐ አባትሽን ለምነሽ ወደ ቤት አስገቢያቸው፤ ቡናው ተፈልቶ ነገሩን እርሳቸው ያንሡት። እንደ እኔ ግምት አባትሽ የሚፈራው ድሃ መባልን ነው፤ አንቺ ቀድመሽ ጉልበቱን ስመሽ፣ ስላሳደገሽ አመስግነሽ ብትጀምሪ ይሰማሻል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።