መልስ፦ የሃሚንግ ኮድ የተበላሸውን ቢት በምን ያውቀዋል?

የሃሚንግ ኮድ መረጃ ሲላክ የተበላሸ ቢት (0 ወይም 1 የሆነ አሃድ) ፈልጎ የሚያርም ዘዴ ነው፤ ለዚህም መፈተሻ የሚባሉ ቢቶች ከመረጃው ጋር ይጨመራሉ። የተበላሸውን ቦታ የሚነግርህ ያልሠሩት መፈተሻዎች የቦታ ቁጥር ድምር ነው። በባለ 7 ቢቱ ኮድ መፈተሻዎቹ ቦታ 1፣ 2 እና 4 ላይ ይቀመጣሉ።

1. መፈተሻ 1፦ 1፣ 3፣ 5፣ 7ን ያያል
2. መፈተሻ 2፦ 2፣ 3፣ 6፣ 7ን
3. መፈተሻ 4፦ 4፣ 5፣ 6፣ 7ን

በየቡድኑ የ1ዎቹ ብዛት ተጋማሽ (ለሁለት እኩል የሚከፈል) መሆን አለበት፤ ካልሆነ ያ መፈተሻ አልሠራም ማለት ነው። መፈተሻ 1 እና 4 ካልሠሩ 1+4=5፤ 5ኛውን ቢት ገልብጠው (0 ከሆነ 1፣ 1 ከሆነ 0 አድርገው)፣ አለቀ።

«ሒሳብ የተማረ ሰው እንዴት እዚህ ላይ ደረሰ?» ላልከው፣ የኮዱ ፈጣሪ ሪቻርድ ሃሚንግ በ1942 እ.ኤ.አ. ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ይዞ በ1946 ቤል ላብስ (የቤል ስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም) ገባ። ቅዳሜና እሁድ ማሽኑ ላይ ትቶት የሚሄደው ስሌት ስህተት ሲገጥመው፣ የሚያርም ሰው ስለሌለ ማሽኑ ጥሎት ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል። ሰኞ ሲመጣ ውጤት የለም። ተናደደ፤ ማሽኑ ስህተት መኖሩን ካወቀ ቦታውን ለምን አያውቅም ብሎ ተነሣ። ከዚያ ንዴት ይህን የመሰለ ንጹሕ ሒሳብ መውጣቱ ሁሌም ይደንቀኛል። ሥራው በ1950 ታተመ፣ በ1968 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን፣ አገኘ።

ተማሪ ሳስጠና ደጋግሜ ስላየሁት ግን ልንገርህ፦ ሁለት ቢት አብረው ከተበላሹ ይህ ዘዴ ጤነኛውን ቢት ይገለብጥብሃል። ሁሉንም የሚያይ 8ኛ መፈተሻ ጨምር። ድምሩ ዜሮ ካልሆነና 8ኛው ግን ትክክል ነው ካለህ፣ ሁለት ቢት ተበላሽቷል ማለት ነውና ምንም ሳትነካ እንደገና ይላክልኝ በል።