ግራ የፊት ጎማ ለምን ቀድሞ ያልቃል?

በዚህ ወር ስለ መኪና ውድድር ቪዲዮ ጌም ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ጎማ፣ ስለ ነዳጅና ፒት (ውድድር መሐል ጎማ የሚቀየርበትና ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ) ስለሚገባበት ጊዜ ናቸው። ስለ አዳዲስ መኪኖች የጠየቃችሁኝ ለሚቀጥለው እትም ታገሱኝ፤ የዛሬው ገጽ ለእነዚህ ብቻ ይሁን።

«ጋሼ፣ የምኖረው ሀዋሳ ነው፤ ዕድሜዬ 19 ነው። በግራን ቱሪስሞ 7 በባርሴሎና መንገድ ላይ የ12 ዙር ውድድር በኢንተርኔት እወዳደራለሁ። እስከ አምስተኛው ዙር ከመሪዎቹ አልለይም። ሰባተኛው ላይ ግን ግራ የፊት ጎማዬ አልቆ መኪናው አልታጠፍ ይለኛል። ሌሎቹ በዚያው ዓይነት ጎማ እስከ ዘጠነኛው ዙር ይሄዳሉ። ጨዋታው ለአንዳንዱ ያዳላል?»

አያዳላም። ጎማው ለሁላችሁም አንድ ነው። የሚለያየው አነዳዳችሁ ነው፤ ደስ የሚለውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም አነዳድ ይታረማል።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ባርሴሎና በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር መንገድ ነው፤ ከባዶቹ ኩርባዎችም ወደ ቀኝ ናቸው። በተለይ ሦስተኛው ኩርባ ረጅም ነው፣ በከፍተኛ ፍጥነት ይገባበታል፣ ቶሎም አያልቅም። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ይጋደማል። ከግራዎቹ ሁለት ጎማዎች ደግሞ ክብደቱንም የሚሸከመው፣ መኪናውንም የሚያዞረው የፊተኛው ነው። በእውነተኛው ፎርሙላ ዋንም ባርሴሎና ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቃቸው ይኸው ጎማ ነው። እንደ ብራዚሉ ኢንተርላጎስ ባለ በተቃራኒው በሚዞር መንገድ ላይ ብትነዳ ጭነቱ ወደ ቀኞቹ ጎማዎች ይዞራል።

ይህ ግን ጎማው ለምን ከሌሎቹ ቀድሞ እንዳለቀብህ አይመልስም። እሱን የተማርኩት ከጨዋታ ሳይሆን ከአባቴ ነው።

አባቴ ሞጆ ላይ ጎሚስታ ነበር። የጅቡቲ መንገድ የሚሠሩ ከባድ መኪኖች ይመጡለታል። የተበላ ጎማ ሲያወርድ ዓይኔን አስጨፍኖ መዳፌን ጎማው ላይ ያስኬደኛል። ወደ አንድ አቅጣጫ ስሄድ ለስላሳ ነው፤ ስመልሰው ጠርዙ እንደ መጋዝ ይይዘኛል። «ይህንን መንገድ አልበላውም፣ መሪ ነው የበላው» ይለኝ ነበር። የፊት እግሮቹ አላይመንታቸው ተዛብቶ ጎማው እየተንከባለለ በጎን ሲጎተት ኖሯል ማለቱ ነው። ቀጥ ብሎ የሚንከባለል ጎማ ብዙ ይኖራል። በጎን የሚጎተት ጎማ ግን በየሜትሩ ይፋቃል።

አንተም የምታደርገው ይህንኑ ይመስለኛል። በጆይስቲክ የምትነዳ ከሆነ ሦስተኛው ኩርባ ላይ አውራ ጣትህን እስከ መጨረሻው ገፍተህ ትይዛለህ። ጎማ መንገድ የሚቆነጥጥበት ልክ አለው፤ ከዚያ በላይ ብታዞረው ይበልጥ አይታጠፍም፣ መንሸራተትና መጋል ይጀምራል። ስለዚህ ይህንን ሞክር፦ ኩርባው መሐል ላይ ጣትህን ጥቂት መልሰው። መኪናው ወደ ውጭ ካልሰፋ፣ ያ የመለስከው ሁሉ እስከ ዛሬ ጎማ ሲበላ የኖረ ትርፍ ነው። ቀጥሎ ፍሬን ከለመድከው ቦታ አሥር ሜትር ያህል ቀድመህ ያዝና መሪውን ከማዞርህ በፊት አብዛኛውን ልቀቀው፤ ፍሬን ይዞ መታጠፍ ለፊት ጎማ ድርብ ሥራ ነው። ፍሬኑ ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚከፋፈልበትን ሚዛንም በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ወደ ኋላ አድርገው። የመኪናው ጅራት ልውጣ ካለህ አንዱን መልስ።

ከዚያ ብቻህን ግባና ለካ። ጨዋታው ላይ ጎማ የሚያልቅበትን ፍጥነት እንደ ውድድርህ አድርገህ፣ ሰባት ዙር እንደ ልማድህ፣ ሰባት ዙር ደግሞ በለሰለሰ እጅ ነድተህ የየዙሩን ሰዓት ጻፍ። እኔ በዚያው መንገድ ስለካ በልማዴ የመጀመሪያው ዙር 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ፣ ሰባተኛው 1 ደቂቃ ከ45.8 ሆነ። በለሰለሰው አነዳድ የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ከ42.4፣ ሰባተኛው 1 ደቂቃ ከ43.3 ነው። ሰባቱን ዙር ስደምረው ለስላሳው በ4.4 ሰከንድ ቀደመ፤ ጎማውም ገና ሁለት ዙር ይሄዳል። በመጀመሪያው ዙር ያጣኋት 0.4 ሰከንድ ታስቆጫለች፣ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት አንድ ሰው አልፎህ ሲሄድ ልብህ ይነሣል። ተወው ይሂድ፤ ስምንተኛው ዙር ላይ ታገኘዋለህ። ቁጥሮችህን ላክልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አቡዳቢ ነው የምሠራው፤ ማታ ማታ እጫወታለሁ። 24 ዙር ባለው የሊጋችን ውድድር ሁልጊዜ ነዳጅ አይበቃኝም፣ ሌሎች ግን ፒት ሳይገቡ ይጨርሳሉ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጎ (ማርሹን ነፃ አውጥቶ) ነዳጅ ይቆጥብ ነበር። እኔም ላድርግ?»

እህቴ፣ ለአባትሽ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ ፎሌ አታድርጊ። በኢንጀክሽን የሚሠራ የዛሬ ሞተር በማርሽ ላይ ሆኖ እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ ነዳጁን ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናው ጎማ ይሆናል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። በእውነተኛው መንገድ ላይማ ቁልቁለት በፎሌ መውረድ ሸክሙን ሁሉ ፍሬን ላይ ይጥለዋል፤ ፍሬን ከጋለ አይዝም። ይህንን ነገር በሕይወት ላሉ ሹፌሮች ሁሉ ብነግር ደስ ይለኛል።

በጨዋታው ውስጥ የሚቆጥበው ይህ ነው። ከረጅም ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ፍሬን ከምትይዢበት ቦታ በፊት፣ እግርሽን አንሺና መኪናው በማርሹ ላይ እንዳለ ይንሸራሸር። ማርሽም ሞተሩ ሳይጮህ ቀድመሽ ጨምሪ። ከፊትሽ ያለው ነፋሱን ሲሰብርልሽ ተጠግተሽ ተከተዪው፤ በዚያው ፍጥነት ለመሄድ የምትረግጪው ያንሳል። ግራን ቱሪስሞ ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ደረጃው ከ1 እስከ 6 ነው፤ 1 ሙሉ ጉልበት፣ 6 ከፍተኛው ቁጠባ። ጀማሪዎች መጀመሪያ የሚነኩት ይህንን ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምነካው፣ ምክንያቱም ቀጥታ መንገድ ላይ ጉልበት ሲያንስሽ የኋላው ሰው በቀላሉ ያልፍሻል።

አሁን ሒሳቡ። ማጠራቀሚያሽ 100 ሊትር ይይዛል እንበል፤ በየዙሩ 5 ሊትር ትጨርሻለሽ። ለ24 ዙር 120 ሊትር ያስፈልጋል፤ 20 ይጎድላል። የፒት መንገዱ 22 ሰከንድ ይወስዳል፤ በሰከንድ 5 ሊትር የሚሞላ ከሆነ ለ20 ሊትሩ 4 ሰከንድ ትቆሚያለሽ። ድምሩ 26 ሰከንድ ነው። ፍጆታሽን ወደ 4.1 ሊትር ካወረድሽ ግን 98.4 ሊትር ይበቃሻል። ይህ ቁጠባ በየዙሩ 0.8 ሰከንድ ቢያስከፍልሽ ለ24 ዙር 19.2 ሰከንድ ነው። ስለዚህ መቆጠብ በ6.8 ሰከንድ ይሻላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ጎማሽ 24 ዙር የማይሄድልሽ ከሆነስ? ለጎማ ስትይ ፒት መግባትሽ ካልቀረ 22ቱን ሰከንድ አስቀድመሽ ከፍለሻል፤ የነዳጁ ዋጋ 4 ሰከንድ ብቻ ሆነ። 4 ሰከንድ ለማዳን 19.2 ሰከንድ መክፈል ምን ይባላል? ነዳጅና ጎማ ተለያይተው አይሰሉም። የሊግ ጓደኞችሽ ሳይገቡ የሚጨርሱት ጎማቸውም ስለሚቆይላቸው ነው፤ ስለዚህ አንቺም አስቀድመሽ የጎማሽን ዕድሜ ለኪ።

የነዳጅ መለኪያውን ግምትም ደፍረሽ አትመኚው። መለኪያው የሚገምተው እስካሁን የነዳሽበትን ይዞ ነው። ስፓ በሚባለው የቤልጂየም መንገድ ላይ በአንድ ምሽት ሰው ተከትዬ ስነዳ ለመጨረሻው ዙር ከበቂ በላይ እንዳለኝ ያሳየኝ ነበር። የፊተኛው ፒት ገባ፤ እኔ ነፋሱን ብቻዬን እየሰበርኩ በሙሉ እግር ሄድኩ። ስታቭሎ የሚባለውን ኩርባ አልፌ ዳገቱን ስጀምር ቁጥሩ ዜሮ ሆነ፣ መኪናው እየተጎተተ ሲሄድ ስድስት ሰዎች አለፉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የግማሽ ዙር ነዳጅ ትርፍ አስቀራለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልጭንም፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ0.7 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የማይቃጠል ነዳጅ ጎማውን በከንቱ ይጫነዋል።

«ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ የፎርሙላ ዋን ውድድር ሲልቨርስቶን ላይ ሉዊስ ሃሚልተን የመጨረሻውን ዙር በሦስት ጎማ ጨርሶ ሲያሸንፍ አይቻለሁ። ማክስ ቨርስታፐን ጥቂት ዙር ሲቀር ፒት ባይገባ ያሸንፍ ነበር። እኔም እንደዚያ ያለ ሁኔታ ሲገጥመኝ መቼ እንደምገባ ግራ ይገባኛል።»

ያንን ዙር እኔም ቆሜ ነው ያየሁት፤ ያው ግራ የፊት ጎማ ነበር። ከሃሚልተን ጥቂት ቀደም ብሎ የቫልተሪ ቦታስም ግራ የፊት ጎማ ፈንድቷል፣ የካርሎስ ሳይንዝም ተከተለ። የደኅንነት መኪና (አደጋ ሲደርስ ሁሉንም ከኋላው በዝግታ የሚያስነዳው) ገና በ12ኛው ዙር አካባቢ ስለወጣ ብዙዎቹ ያኔ ገብተው ጠንካራውን ጎማ አሰሩና ከመጠን በላይ ረጅም መንገድ ሄዱበት። የቨርስታፐን ቡድን የቦታስን ጎማ ሲያይ መኪናውን አስገባ፤ በአዲስ ጎማም ያኔ ለውድድሩ ፈጣን ዙር ይሰጥ የነበረውን ተጨማሪ ነጥብ ፈለገ። በእኔ ፍርድ ልክ ነበሩ። በእጃቸው የነበረው መረጃ የሱም ጎማ ሊፈነዳ እንደሚችል ነው የሚናገረው፤ ያወለቁት ጎማ ላይም ብዙ ቁርጥራጭ ተገኝቷል። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በሚታወቀው ነው።

ስለ መግቢያ ሰዓትህ ደግሞ ከማንም ይልቅ የ1998ቱን (እ.ኤ.አ.) የሃንጋሪ ፎርሙላ ዋን ውድድር ብታይ እወዳለሁ። ሃንጋሮሪንግ ለመቅደም አስቸጋሪ ጠባብ መንገድ ነው። የፌራሪው ማይክል ሹማከር ከማክላረን ቡድን መኪኖች ኋላ ተይዞ ሳለ የቡድኑ የቴክኒክ ኃላፊ ሮስ ብራውን ዕቅዱን ከሁለት ፒት ወደ ሦስት ቀየረና በ19 ዙር ውስጥ 25 ሰከንድ እንዲያተርፍ ጠየቀው። ሹማከር አደረገው፣ አሸነፈም። ልብ በል፣ ተጨማሪ ፒት መግባቱ ብቻውን አላሸነፈለትም። ቀላል መኪናና አዲስ ጎማ ይዞ ከፊቱ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ መንዳቱ ነው።

ስለዚህ ፒት መግባት የሚያሳጣህን ሰከንድ አስቀድመህ እወቅ። 24 ሰከንድ ከሆነ ከኋላህ 24 ሰከንድ ላይ ማን እንዳለ ተመልከት፤ ስትወጣ የምትቀላቀለው እሱን ነው። እዚያ አራት ሰዎች እየተጋፉ ከሆነ አንድ ዙር ቆይ። ክፍት ከሆነ፣ ከፊትህ ያለው ሰው ሳይገባ አንተ ግባ፤ እሱ በተበላ ጎማ አንድ ዙር ሲሄድ አንተ በአዲስ ጎማ ሁለት ሰከንድ ታተርፋለህ። ከዚያ በኋላ መኪናውን መንገድ ላይ ማለፍ አያስፈልግህም፣ እሱ ከፒት ሲወጣ አልፈኸዋል።

«አዲስ አበባ ነኝ። ውድድር መሐል መብራት ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?»

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚያቆይ መሣሪያ) ግዛ፤ ስትገዛ ግን አቅሙን ጠይቅ። ፕሌይስቴሽን 5 በጨዋታ ላይ ወደ 200 ዋት ይወስዳል፣ ቴሌቪዥኑ ሲጨመር ከዚያ በላይ ነው። ትንሹ ዩፒኤስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይይዝልሃል፤ ለሁለት ዙር ይበቃል፣ ለአንድ ሰዓት ውድድር አይበቃም። ራውተሩንም አብረህ ሰካው፤ እሱ ከጠፋ ኮንሶሉ ቢበራም ከውድድሩ ወጥተሃል። ፒት መግባት የቀረህ ከሆነና መብራቱ ከሄደ፣ ጎማው የሚችል ከሆነ ያለህን ነዳጅ ብቻ ቆጥበህ ጨርስ፤ ባትሪው የሚቆጥረው ሰከንድ በፒት መንገድ ላይ ማለቅ የለበትም።